ሥልጠናው በምን ይለካ?
በ2000 ዓ.ም. በወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የሚሽከረከር የብረት ዘንግ ኩሽኔታው በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተበልቶ ማሽኑ ቆመ እንበል። ማሽኑን እንደገና ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም፤ ተስማሚ ብረት፣ አንድ ቶርኖ፣ አንድ ማይክሮሜትርና አንድ የቶርኖ ባለሙያ ይበቃሉ። ሆኖም ሥራው ቀላል አይደለም። አዲሱ ዘንግ ከሚፈለገው መጠን በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ቢቀጥን የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት በላዩ ላይ እየተንሸራተተ መልሶ ይበላዋል፤ በዚያው ልክ ቢወፍር ደግሞ ኩሽኔታው በግድ ገብቶ፣ ከመጠን በላይ ሞቆ፣ ያለ ዕድሜው ይሰበራል። ይህ ልዩነት በዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው በመለኪያና መለኪያውን በለመደ እጅ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ እጅ በማይገኝበት ጊዜ ፋብሪካው ዘንጉን ከውጭ አገር ያዝዛል፤ የውጭ ምንዛሪ እስኪገኝና ዕቃው እስኪደርስ ማሽኑ ይቆማል፣ ሠራተኛውም ሥራ ይፈታል።

የኢትዮጵያ የማምረቻ ኢንዱስትሪ ከአቅሙ በታች የሚሠራው በባለሙያ እጥረት ምክንያት ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። የጥሬ ዕቃ፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና የውጭ ምንዛሪ ችግሮች የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ የባለሙያው እጥረት ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው፤ ይኸውም ገንዘብ ስለተገኘ ብቻ በአጭር ጊዜ የማይወገድ መሆኑ ነው። ማሽን በጥቂት ወራት ውስጥ ተገዝቶ ይተከላል፤ ማሽኑን የሚጠግን እጅ ግን የሚበስለው በዓመታት ነው።

ከዚህም ጋር አብሮ የሚታይ አንድ እንቆቅልሽ አለ። በአንድ በኩል ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የምስክር ወረቀት ይዘው የወጡ ወጣቶች ሥራ ሲፈልጉ ይታያሉ። በሌላ በኩል ፋብሪካዎች የጥገና ሠራተኛ፣ በያጅ፣ የቶርኖና የፍሬሳ ባለሙያ ማጣታቸውን ይናገራሉ። ባለሙያ በዝቷል እንዳይባል ፋብሪካው ይፈልጋል፤ ባለሙያ ጠፍቷል እንዳይባል የምስክር ወረቀቱ ሞልቷል። የዚህ እንቆቅልሽ መፍቻ የሚገኘው ሥልጠናው ሲታቀድና ሲገመገም በሚለካበት መለኪያ ውስጥ ነው። ለዚህም ማስረጃ የሚሆነው በ2000 ዓ.ም. የወጣው ስትራቴጂ ነው፤ ምክንያቱም ሰነዱ ችግሩን በሚገባ አውቆ የተነሣ፣ ነገር ግን በአፈጻጸም ላይ በአሮጌው መለኪያ የተያዘ በመሆኑ ነው።

1. የእጅ ሙያና ትምህርት ቤት

የእጅ ሙያ ጥቅም ለኢትዮጵያ መንግሥታት የተሰወረ ነገር አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የአውሮፓ ባለ እጆችን ሰብስበው ብረት ያሠሩ ነበር፤ ሴባስቶፖል የተባለውም መድፍ የዚያ ሥራ ውጤት ነው። አፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ግድም ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ የነገሩን ሥር የሚያሳይ ነው። ማረሻውን የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ሸማውን የሚሸምነው ሸማኔ፣ ቆዳውን የሚፍቀው ፋቂ፣ ገንቦውን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ ሁሉም የሚፈለጉ፣ ሁሉም ግን የሚናቁ ነበሩ። ኅብረተሰቡ በሥራቸው እየተጠቀመ በጋብቻና በማኅበር ያገላቸው ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ይህን አመለካከት በአንድ ጊዜ ሊለውጠው አልቻለም። ከኢጣሊያ ወረራ ማግሥት የተቋቋመው የአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤትና በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ለኢንዱስትሪው ብዙ ሙያተኞች አፍርተዋል። ባሕር ዳር በእርሻ መሣሪያዎች፣ በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ በብረታ ብረት፣ በጨርቃ ጨርቅና በኤሌክትሪክ ሙያ ያሠለጥን ነበር። ይሁንና ከእነዚህ ተቋማት ውጭ በነበረው ሰፊ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ተምሮ መውጣት ማለት የቢሮ ሥራ መያዝ ማለት ሆኖ ቆየ።

በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው ሴክተር ሪቪው የሚባለው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ዕጣ ከዚህ አንጻር ሲታይ ትምህርት ሰጪ ነው። ጥናቱ ለብዙኃኑ አጭርና ለኑሮ የሚጠቅም መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ፣ ወደ ላይኛው ደረጃ የሚያልፈው ግን ውሱን እንዲሆን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። መምህራንና ወላጆች በ1966 ዓ.ም. አጥብቀው ተቃወሙት። ለተቃውሞው ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩት፤ ዋናው ፍሬ ነገር ግን ለድኻው ልጅ የተመደበው መንገድ ለሀብታሙ ልጅ ከተመደበው የተለየና ያነሰ መስሎ መታየቱ ነው። ከዚያም በኋላ በአብዮቱ ዘመን ትምህርት ለምርት፣ ለሳይንሳዊ ምርምርና ለኅብረተሰባዊ ንቃት የሚል መርሕ ታወጀ። በብዙ ትምህርት ቤቶች ግን የምርት ትምህርት የሚባለው ነገር በቂ መሣሪያና የሠለጠነ መምህር ስላልነበረው ከጓሮ አትክልት ብዙም አልራቀም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የእጅ ሙያ የተናቀ መንገድ መስሎ እስከቀረበ ድረስ ሕዝቡ ልጁን በፈቃዱ አይልክበትም። ሁለተኛ፣ መሣሪያና ባለሙያ መምህር ሳይሟላ የሚታወጅ የሙያ ትምህርት መርሕ ሆኖ ይቀራል። የ2000 ዓ.ም. ስትራቴጂ መመዘን ያለበት በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ነው።

2. የስትራቴጂው መልካም ጎን

ስትራቴጂው የወጣው ከፍተኛ መስፋፋት በታየበት ወቅት ነበር። በ1989 ዓ.ም. ከግብርና ውጭ ባሉት ሙያዎች መደበኛ ሥልጠና የሚሰጡት ተቋማት 17 ብቻ ሲሆኑ፣ ሠልጣኞቹም ከ3 ሺህ በታች ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. ተቋማቱ 199፣ ሠልጣኞቹ ደግሞ ከ106 ሺህ በላይ ደርሰዋል። በ8 ዓመታት ውስጥ የሠልጣኙ ቁጥር ከ35 ጊዜ በላይ አደገ ማለት ነው። በዚሁ ፍጥነት ቶርኖ፣ የብየዳ መሣሪያና ልምድ ያለው አሠልጣኝ ማቅረብ የሚችል አገር ይኖራል ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ ነው።

ሰነዱ ይህን ድክመት አልደበቀም። ሥልጠናው በንድፈ ሐሳብ ላይ ያተኮረ መሆኑን፣ አሠልጣኞች የተግባር ክህሎት የሚጎድላቸው መሆኑን፣ ከሥራው ዓለም ጋር ያለውም ግንኙነት የላላ መሆኑን በግልጽ አስቀምጧል። መፍትሔ ብሎ ያቀረባቸውም ሐሳቦች በመሠረቱ ትክክለኛ ናቸው። ሥልጠናው ኢንዱስትሪው በሚሳተፍበት የሙያ ደረጃ እንዲመራ፣ ሠልጣኙ የሚመዘነው በቆየበት ጊዜ ሳይሆን መሥራት በሚችለው ሥራ እንዲሆን፣ ከሥልጠናው ጊዜ ከፊሉ በድርጅት ውስጥ በትብብር እንዲካሄድ ደንግጓል።

ከሁሉም በላይ የሚመሰገነው የብቃት ምዘናው ሙያውን የትም ለቀሰመ ሰው ክፍት እንዲሆን ማድረጉ ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ በርሜልና ቁርጥራጭ ላሜራ እየቀጠቀጡ ምድጃና ሣጥን የሚያወጡ ባለ እጆች የኮሌጅ ደጃፍ ሳይረግጡ የተማሩ ናቸው። ሙያ በልብ ነው እንዲሉ፣ በእጃቸው ያለውን ዕውቀት የሚመሰክርላቸው ወረቀት አልነበራቸውም። ስትራቴጂው ለእነዚህ ሰዎች በሩን መክፈቱ በኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ውስጥ ትልቅ እርምጃ ነው።

እንግዲህ ሐሳቡ ትክክል ከሆነ ጉድለቱ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ይነሣል።

3. የማይቆጠረው ሰዓት

ዕቅድ የሚመራው በሚቆጥረው ነገር ነው። በቴክኒክና ሙያ ዘርፍ በየዓመቱ ተቆጥረው በሪፖርት የሚቀርቡት ዋና ዋና ነገሮች የተቋማት ብዛት፣ የተቀባዮች ብዛት፣ የተመራቂዎች ብዛትና ምዘና ያለፉት ሰዎች ብዛት ናቸው። ከእነዚህ መካከል አንዱም ቢሆን አንድ ሠልጣኝ በማሽኑ ላይ ስንት ሰዓት እንደ ቆመ አይናገርም። የእጅ ሙያ ግን የሚገኘው በዚያ ሰዓት ውስጥ ነው።

ነገሩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ኮሌጅ 5 ቶርኖዎችና 30 ሠልጣኞች አሉት እንበል። በሳምንት 15 ሰዓት ለተግባር ቢመደብና ማሽኖቹ ሁሉ ሳይበላሹ ቢሠሩ ጠቅላላው የማሽን ሰዓት 75 ይሆናል። ይህ ለ30 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ 2 ሰዓት ተኩል ይደርሰዋል፤ በ40 ሳምንት የትምህርት ዘመን ደግሞ 100 ሰዓት ማለት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት ቢበዛ 48 ነው። ስለሆነም ሠልጣኙ በአንድ ዓመት ውስጥ ያገኘው የቶርኖ ልምምድ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ከሁለት ሳምንት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ የሚያገኘውን ያህል ነው። ከማሽኖቹ ሁለቱ ቢበላሹ ድርሻው ወደ 60 ሰዓት ይወርዳል። ቀሪውን ጊዜ ሠልጣኙ የሚያሳልፈው ሌላው ሲሠራ ቆሞ በማየት ነው።

አሁን ደግሞ ኮሌጁ ቅበላውን ከ30 ወደ 60 አሳደገ እንበል። በሪፖርቱ ላይ የሚታየው አፈጻጸሙ በእጥፍ ማደጉ ነው፤ ኃላፊውም ይመሰገናል። በወርክሾፑ ውስጥ የሆነው ግን የእያንዳንዱ ሠልጣኝ ድርሻ ከ100 ሰዓት ወደ 50 መውረዱ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ሙያው ያንሳል፤ ሪፖርቱም ይህን መቀነስ እንደ ዕድገት ይመዘግበዋል። በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው እንቆቅልሽ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

ምዘናው ይህን አይከላከልም ወይ ይባል ይሆናል። የብቃት ምዘና በትክክል ሲካሄድ ይከላከላል። ነገር ግን የምዘናው አላፊዎች ብዛት ራሱ የኮሌጁ የአፈጻጸም መለኪያ በሚሆንበት ጊዜ ሥልጠናው ወደ ምዘናው ማጥበቡ አይቀርም። ሠልጣኙ በምዘናው ቀን የሚሠራውን አንድ ዕቃ ደጋግሞ ይለማመዳል፤ ያንኑም ሠርቶ ያልፋል። ፋብሪካ ውስጥ የሚያጋጥመው ብልሽት ግን በምዘናው ዝርዝር ውስጥ ተጽፎ አይመጣም። ጥሩ የጥገና ባለሙያ የሚባለው ከዚህ በፊት ያላየውን ብልሽት በድምፁ፣ በሙቀቱና በንዝረቱ ለይቶ የሚደርስበት ነው። ይህም ብዙ ብልሽት በማየት እንጂ በአንድ ቀን ፈተና አይገኝም።

እዚህ ላይ የዕቅድ አውጪዎች መልስ ሊሰማ ይገባል። ሥራ ፈላጊው ወጣት በየዓመቱ በመቶ ሺዎች በሚጨምርበት አገር በመጀመሪያ በሩን መክፈት፣ ከዚያም ጥራቱን ማሻሻል እንጂ ለጥቂቶች ብቻ ጥሩ ሥልጠና መስጠት ፍትሐዊ አይደለም ይላሉ። ማሽንም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ በፍጥነት ሊበዛ እንደማይችል ያመለክታሉ። ይህ ክርክር ክብደት አለው። ሆኖም 50 ሰዓት አሠልጥኖ ባለሙያ ነህ ብሎ ማሰናበት ፍትሕ ሊሆን አይችልም፤ ወጣቱ የሚያገኘው ነገር በፋብሪካው በር ላይ የማይከበር ወረቀት ነውና። በተጨማሪም የማሽን ሰዓት አዲስ ማሽን ሳይገዛ ሊጨምር ይችላል። ወርክሾፑ ከጧት እስከ ምሽት በሁለት ፈረቃ ቢሠራ፣ የተበላሸው ማሽን በሠልጣኞቹ እጅ ቢጠገን፣ ኮሌጁም ለአካባቢው ወፍጮ ቤቶችና ጋራዦች መለዋወጫ እየሠራ በገቢው ብረትና መቁረጫ ቢገዛ፣ ባሉት ማሽኖች ሰዓቱን በእጥፍ ማሳደግ ይቻላል።

4. የተረፈው ተማሪ

ሁለተኛው ጉድለት ከሠልጣኙ አመራረጥ ጋር የተያያዘ ነው። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በተዘረጋው መዋቅር መሠረት ተማሪው በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይወስድ ነበር። የተሻለ ውጤት ያመጣው ወደ መሰናዶ ያልፋል፤ ያላመጣው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይመደባል። ይህ አሠራር የ10ኛ ክፍል ፈተና እስከ ቀረበት ጊዜ ድረስ ቀጥሏል። ፈተናው ከቀረ በኋላም ነገሩ ወደ 12ኛ ክፍል ተሸጋገረ እንጂ አልተወገደም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ሆነዋል። ላላለፉት ከሚጠቆሙት መንገዶች ዋነኛው ያው ቴክኒክና ሙያ ነው።

አንድ መንገድ ለወደቁት ብቻ ሲከፈት የመንገዱ ስም ራሱ ውድቀት ይሆናል። ወላጅ ልጁ ቴክኒክና ሙያ ገባ ሲባል አንገቱን የሚደፋው በድሮው ንቀት ብቻ አይደለም፤ መንግሥት ራሱ በምደባው የነገረውን አምኖ ነው። በዚህ አኳኋን በጥንት ጊዜ በዘር ይተላለፍ የነበረው የባለ እጅ ንቀት ዛሬ በፈተና ውጤት ይተላለፋል።

ከዚህም በላይ ምደባው የተመሠረተው በተሳሳተ ግምት ላይ ነው። የእጅ ሙያ አእምሮ የማይፈልግ ሥራ አይደለም። የቶርኖ ባለሙያ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ዘንግ ለማውጣት የሁለቱን ጫፎች የዲያሜትር ልዩነት ለርዝመቱ እጥፍ አካፍሎ ከታንጀንቱ ማዕዘኑን ማግኘት አለበት። በያጁ የካርቦን መጠኑ ከፍ ያለ ብረት ሳይሞቅ ቢበየድ ሲቀዘቅዝ ለምን እንደሚሰነጠቅ ማወቅ አለበት። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ከፌዞቹ አንዱ ሲቋረጥ ለምን እንደሚቃጠል መረዳት አለበት። በሒሳብና በፊዚክስ የወደቀውን ተማሪ ያለ ማጠናከሪያ ትምህርት ወደዚህ ሥራ መላክ ተማሪውንም ሙያውንም መበደል ነው።

5. የድርጅቱ ድርሻ

ስትራቴጂው ከፍ ያለ ተስፋ የጣለው በትብብር ሥልጠና ላይ ነው። በኮሌጅ የማይገኘው የማሽን ሰዓት በድርጅት ውስጥ ይገኛል ተብሎ ነው። ሐሳቡ በአመዛኙ የተቀዳው ከጀርመን ሥርዓት በመሆኑ በዚያ አገር እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል።

በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣው የሙያ ሥልጠና ሕግ መሠረት ወጣቱ በመጀመሪያ የሚዋዋለው ከድርጅቱ ጋር ነው። አብዛኛውን የሳምንቱን ጊዜ በድርጅቱ ውስጥ ያሳልፋል፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ሥልጠናው እንደ ሙያው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ደመወዝ ይከፈለዋል። በድርጅቱ ውስጥ የሚያሠለጥነው ሰው ለማሠልጠን ብቁ መሆኑን ማስመስከር አለበት። ፈተናውን የሚሰጠው የንግድና ኢንዱስትሪ ወይም የእደ ጥበብ ምክር ቤቱ ነው። ይህ ሁሉ የተገነባው ለብዙ መቶ ዓመታት በቆየ የጌታና የደቀ መዝሙር ልማድ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ የተወሰደው ቅርጹ ሲሆን፣ ቅርጹን የሚሸከሙት ምሰሶዎች አልተተከሉም። ሠልጣኙ የኮሌጁ እንጂ የድርጅቱ ሰው አይደለም፤ ለጥቂት ጊዜ መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ነው። ከፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አንጻር ሲታይ ብረት ያበላሻል፣ ማሽን ላይ አደጋ ያስከትላል፣ የነባሩን ሠራተኛ ጊዜ ይወስዳል፤ ሙያውን በለመደ ማግሥትም ሌላ ድርጅት ይወስደዋል። በዚህ ሁኔታ ሥራ አስኪያጁ ሠልጣኙን ከማሽን አርቆ ወለል እንዲጠርግ ወይም ቆሞ እንዲያይ ቢያደርገው ክፋት ነው ሊባል አይችልም፤ ሒሳቡን ማወቁ ነው። ጉድለቱ ያለው ወጪውን በአንድ ወገን፣ ጥቅሙን በሌላ ወገን ባስቀመጠው አሠራር ላይ ነው።

ይህን ለማስተካከል የሕግ መነሻ አልጠፋም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377 ስለ ሙያ መልመድ ውል ደንግጎ ነበር። የሥልጠናው ሥርዓት በዚህ ዓይነቱ ውል ላይ ቢመሠረት ኖሮ ሠልጣኙ በድርጅቱ ውስጥ መብትና ግዴታ ያለው ሰው ይሆን ነበር። ስለ ወጪውም ከሌሎች አገሮች የሚቀሰም ልምድ አለ። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1942 ሴናይ የተባለውን የኢንዱስትሪ ሥልጠና ድርጅት ስታቋቁም በኢንዱስትሪዎች ላይ መዋጮ ጣለች፤ አስተዳደሩንም ለራሳቸው ለኢንዱስትሪዎቹ ማኅበር ሰጠች። የሚያሠለጥነውም የማያሠለጥነውም ድርጅት ከከፈለ፣ ማሠልጠን ጉዳት መሆኑ ይቀራል።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ሌላ ነገር የደመወዝ ጉዳይ ነው። በሐዋሳ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና እርሱን የመሳሰሉት ሥራ ሲጀምሩ ከገጠማቸው ችግር አንዱ የሠራተኛ ፍልሰት ነበር፤ የማሽን ጥገናና የምርት መስመር ቁጥጥርም በአብዛኛው ከውጭ በመጡ ባለሙያዎች ላይ የተመረኮዘ ነበር። በሚገባ የሠለጠነ የጥገና ሰው ከፋብሪካ ደመወዝ ይልቅ የራሱን ጋራዥ ወይም ቶርኖ ቤት ከፍቶ የተሻለ ገቢ የሚያገኝ ከሆነ ከፋብሪካው መውጣቱ አይቀርም። ስለሆነም ባለሙያ ጠፋ የሚል ድርጅት በምን ያህል ደመወዝ እንደ ጠፋበት አብሮ ሊጠየቅ ይገባል።

6. አሠልጣኙና የሙያው ቋንቋ

የሥርዓቱ ሁሉ ክብደት በመጨረሻ የሚያርፈው በአሠልጣኙ ላይ ነው። አብዛኛው አሠልጣኝ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ወደ ማስተማሪያ ክፍል የገባ፣ በመካከል የፋብሪካ ሕይወት ያላየ ነው። በአንጻሩ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት በፋብሪካ የሠራው ባለሙያ የትምህርት ማስረጃው ስለማይፈቅድለት አሠልጣኝ ሆኖ አይቀጠርም። የደረጃ ዕድገቱ የሚለካው በዲግሪ ስለሆነ አሠልጣኙ የሚጥረው የበለጠ ለማንበብ እንጂ የበለጠ ለመሥራት አይደለም። በዚህ ላይ ስትራቴጂው በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት የመስጠትና ቴክኖሎጂ የማሸጋገር ኃላፊነት ተጨምሮለታል። አንድ ሰው መምህር፣ አማካሪና ፈልሳፊ እንዲሆን ተጠይቋል፤ ለዚህ ሁሉ የሚበቃ የወርክሾፕ ልምድ ግን አልተሰጠውም። አሠልጣኙን በዚህ መውቀስ ተገቢ አይሆንም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ግን ብዙም ትኩረት ያላገኘ ጉዳይ የቋንቋው ነገር ነው። በጋራዡና በወርክሾፑ የሚነገረው የሙያ ቋንቋ ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የቆየ ነው። ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ላሜራ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ የሚሉት ቃላት ከኢጣሊያንኛ መጥተው የአማርኛ ዜጋ ሆነዋል። የሙያ ደረጃዎቹና አብዛኞቹ የማሠልጠኛ ጽሑፎች ግን የተዘጋጁት በእንግሊዝኛ ነው። ሠልጣኙ በኮሌጅ በአንድ ስም የተማረውን መሣሪያ በፋብሪካ በሌላ ስም ይጠየቃል። ነባሩ ባለ እጅ ደግሞ በሩ ለእርሱ ተከፍቶ ሳለ መመዘኛው የተጻፈበትን ቋንቋ ስለማያነብ ከደጅ ይቆማል። ለምናለሽ ተራው ባለሙያ የተገባው መልካም ቃል ከሚሰናከልባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ሁለቱን አጠራሮች ጎን ለጎን የሚያሳይ የሙያ መዝገበ ቃላት በየዘርፉ ቢዘጋጅ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ማጠቃለያ

የ2000 ዓ.ም. ስትራቴጂ የኢትዮጵያን የሙያ ሥልጠና ችግር በትክክል ያየ ሰነድ ነበር። የወደቀው ሠልጣኙ መሥራት በሚችለው ነገር ይመዘን ብሎ ከተነሣ በኋላ ራሱ በሠልጣኞች ብዛት እንዲመዘን በመፍቀዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ2014 ዓ.ም. ዘርፉ ከሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ወጥቶ በአዲስ መልክ ወደ ተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተዛውሯል፤ በ2015 ዓ.ም. አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጸድቋል። ነገር ግን መለኪያው ካልተለወጠ የመሥሪያ ቤት መለወጥ ብቻውን የወርክሾፑን ሁኔታ አይለውጠውም።

ስለዚህ ከዕቅድ አውጪዎች የሚጠበቀው በመጀመሪያ ደረጃ የሪፖርቱን ዓምድ መለወጥ ነው። ከሠልጣኞች ብዛት ጎን ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ የደረሰው የማሽን ሰዓት፣ ከተቋማት ብዛት ጎን የሚሠሩትና የማይሠሩት ማሽኖች ብዛት፣ ከአሠልጣኞች የትምህርት ደረጃ ጎን በፋብሪካ የሠሩበት ዘመን ይመዝገብ። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ ነገር ግን ኃላፊው የሚመሰገንበትን ነገር ስለሚለውጥ ሥራውንም ይለውጣል። ሠልጣኙ ከድርጅቱ ጋር በውል የሚተሳሰርበት፣ የሥልጠናውም ወጪ በድርጅቶች መካከል የሚከፋፈልበት ሥርዓት ከዚህ ቀጥሎ ሊመጣ ይገባል። ልምድ ያለው የፋብሪካ ባለሙያም በዲግሪ ማጣት ምክንያት ከማሠልጠን አይታገድ።

የመምህራን ድርሻም ከዚህ ያነሰ አይደለም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያና የቴክኒክ ትምህርት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኗል። ይህ ክፍለ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ማስታወሻ የሚገለበጥበት ከሆነ የቀድሞው የምርት ትምህርት ዕጣ ይደርሰዋል። ተማሪው መዶሻና ሞረድ የሚይዝበት፣ የአካባቢው አናጢና ብረት ሠሪ ተጋብዞ ሙያውን የሚያሳይበት ከሆነ ግን ብልሁ ተማሪ የእጅ ሙያን ከፈተና በፊት፣ በውድቀት ሳይሆን በፍላጎት ሊመርጠው ይችላል። የሒሳብ መምህሩም ታንጀንትን ሲያስተምር የቶርኖውን ዘንግ በምሳሌነት ቢያነሣ፣ ትምህርቱም ሙያውም ይከበራሉ።

የቆመው ማሽን የሚጠብቀው የምስክር ወረቀት ሳይሆን ጥቂት መቶኛ ሚሊሜትርን ለይቶ የሚያውቅ እጅ ነው። ያ እጅ ስንት ሰዓት በማሽን ላይ እንደሚፈጅ ተቆጥሮ፣ ሰዓቱም ተመድቦ እስካልታቀደለት ድረስ፣ የተመራቂው ቁጥር ምንም ያህል ቢያድግ ዘንጉ ከውጭ መታዘዙ ይቀጥላል።